ማርቆስ ላይ ቱን የተደረገ ሞተር አባይ ሲወርድ

እንዴት ሰነበታችሁ፣ ወገኖቼ። የፋብሪካውን ኮምፒውተር አንስተን በራሳችን የምናስተካክለውን ኢሲዩ (የሞተር ኮምፒውተር) ስንገጥም፣ እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች የባሕር ዳርቻ አገር ባለሙያ የማያስበው ነገር አለብን። ከፍታችን። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆናችሁ ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ላፕቶፑ ላይ የማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ማንበብ አለበት። ባሕር ዳር ከሆናችሁ 81 ወይም 82። 100 ካነበበ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ውስጥ የተመረጠው የሴንሰር ዓይነት መኪናው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ማለት ነው። ይህን ሳታርሙ አንዲት የነዳጅ ቁጥር አትንኩ፤ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ንባብ ላይ ነው።

የሙቀት ሴንሰርም እንደዚሁ። ብዙ ሰው በበረዶ ውሃና በፈላ ውሃ ነው የሚያስተካክለው፤ ዘዴው ጥሩ ነው። ግን ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 100 ብላችሁ ከመዘገባችሁ ኢሲዩው ሞተሩ ከእውነቱ በላይ የሞቀ ይመስለዋል፤ ጠዋት የሚጨመረው የማሞቂያ ነዳጅም ያለጊዜው ይቀንሳል። ቴርሞሜትር አብራችሁ ንከሩና እሱ ያለውን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው። የነዳጅ ሠንጠረዡ በአንድ በኩል የሞተር ዙር፣ በሌላ በኩል ግፊት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ማርቆስ ላይ ቤንዚን መርገጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጡት እንኳ ከ75 አያልፍም፤ በዙሪያው ያለው አየር ራሱ ያን ያህል ነዋ። ስለዚህ ከ80 እስከ 100 ያሉትን ረድፎች ማንም ሳይነካቸው መኪናው ርክክብ ይደረጋል። ሰውየው ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፣ ደጀንን ያልፋል፣ አባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩ አካባቢ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ግፊቱ ወደ 89 ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ በሙሉ ጉልበት፣ በሞቃት አየር ይወጣል። ሞተሩ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ባልተፈተኑት ረድፎች ላይ ነው ማለት ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚያየው ምንም ምልክት የለም።

በማፕ ሳይሆን በመርገጫው አከፋፈት ብቻ ነዳጅ የሚሰላበት ሞተር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አስሉት። ደጀን ላይ 20 ዲግሪ፣ ታች 35 ዲግሪ ይሁን። ግፊቱ ወደ 19 ከመቶ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ትንሽ ይመልሰዋል፣ የአየሩ እፍጋት በ13 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ነዳጁ ካልተከተለ 0.88 የነበረው ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ምጣኔ፤ ሲጨምር ነዳጁ አነሰ ማለት ነው) 0.99 ይሆናል። በሙሉ ጭነት ይህ አደጋ ነው።

ባሮሜትር ማካካሻ (ነዳጁን በውጭው አየር ግፊት ልክ የሚያስተካክል) አለኝ የሚል ይኖራል። መቼ እንደሚያነብ አረጋግጡ! ሜጋስኩዊርትም ሆነ ስፒዱዊኖ የሚባሉት ኢሲዩዎች የተለየ የባሮሜትር ሴንሰር ካልተገጠመላቸው የውጭውን ግፊት የሚወስዱት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከማፕ ሴንሰሩ ነው። ደጀን አስነስታችሁ ሳታጠፉ ከወረዳችሁ፣ ታች ደርሳችሁም ኢሲዩው ደጀን ያለ ይመስለዋል። መፍትሔው ሁለተኛ ማፕ ሴንሰር ገዝቶ ወደ ውጭ አየር ክፍት አድርጎ እንደ ባሮሜትር ማሰር ነው። ሦስት ሽቦ ነው፤ 5 ቮልት፣ ሲግናልና የሴንሰር ማሳ (ኔጌቲቭ)። እዚህ አገር ለሚነዳ መኪና ይህን እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ።

ላልተነኩት ረድፎች የማቀርበው መነሻ ይህ ነው። የነዳጁን ቁጥር ከ75ቱ ረድፍ አካሄድ ቀጥሉና 3 ከመቶ ጨምሩበት። ብልጭታውን ከ75 ወደ ላይ በየ5 ኪሎፓስካሉ 1 ዲግሪ አዘግዩት። ደጋ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ጥቂት ስለሆነ ሞተሩ የቀደመ ብልጭታ ይችላል፤ ያው ዲግሪ ቆላ ላይ ኖክ (ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ በራሱ መፈንዳት) ያስነሳል።

ቱርቦ ላላቸው አጭር ማስጠንቀቂያ፦ 180 ኪሎፓስካል ፍጹም (ከዜሮ የሚቆጠር) ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 1.8 እጥፍ መጭመቅ ነው፤ ማርቆስ ላይ ግን 2.4 እጥፍ። ቱርቦው ይበልጥ ይሽከረከራል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል። የሌላ አገር የቡስት (የቱርቦ ግፊት) ቁጥር አትቅዱ።

ይህ ሁሉ ግን ሎጉ (ኢሲዩው የሚመዘግበው ንባብ) ከታመነ ነው፤ ሎጉን የሚያሳምነው ሽቦው ነው። የኢሲዩው የኃይል ማሳዎች ሁሉ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወይም ሞተሩ ላይ ባለ አንድ ንጹሕ ቦታ ይታሰሩ፤ ቀለም የተቀባ ቦዲ ላይ አይሁን። የሴንሰር ማሳ ግን ወደ ኢሲዩው ፒን ብቻ ይመለሳል፤ ከቦዲ ጋር ከነካካችሁት ፋኑ በተነሳ ቁጥር የሙቀትና የመርገጫ ንባብ ይዘላል። ሞተሪኖው ሲዞር በኢሲዩው ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል በመልቲሜትር ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ማሳው ደካማ ነው።

የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዙር ከጥርሳም ጎማ የሚያነበው) ገመድ ሺልድ (የብረት መጠቅለያ) ያለው ይሁን፣ ሺልዱ ኢሲዩው ጋ ባለው ጫፍ ብቻ ማሳ ይያዝ፣ ከቦቢና ገመድ ይራቅ። ባለ ሁለት ሽቦ ማግኔቲክ ሴንሰር ፖላሪቲ አለው። ከተገለበጠ የጎደሉት ጥርሶች ቦታ በትክክል አይነበብም። የቶዮታው 1ኤንዜድ እና 1ዜድዜድ ሞተር ጎማ 36 ሲቀነስ 2 ጥርስ ነው፣ ሁለቱ የጎደሉ ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ 36 ሲቀነስ 1 ብሎ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። ብልጭታውን 10 ዲግሪ ላይ ቆልፉና በታይሚንግ ላይት በሚኒሞም (መርገጫው ሳይነካ) በ3,000 ዙርም እዩት። ምልክቱ ከዙሩ ጋር ከተንሸራተተ ወይ ፖላሪቲው ነው፣ ወይ የሴንሰሩ መዘግየት አልተሞላም።

ኢንጀክተሩን በኦም ለኩ። ከ12 እስከ 16 ከሆነ በቀጥታ ይታሰራል፤ 2 ወይም 3 ከሆነ ተከላካይ ሬዚስተር ያስፈልገዋል፣ አለዚያ የኢሲዩው ድራይቨር ይቃጠላል። ለሴንሰር 0.5፣ ለኢንጀክተር 0.75 ወይም 1፣ ለነዳጅ ፓምፕ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቂ ነው። ተርሚናሉን በትክክለኛው ክሪምፐር ጨምቁት። በሊድ የተበየደ ሽቦ ብየዳው ባለቀበት ይደርቃል፤ በኮብልስቶንና በኮረኮንች ንዝረት እዚያው ይበጠሳል። የክረምቱን ጭቃ አስቡና ኢሲዩውን ጋቢና ውስጥ አድርጉት።

ዋይድባንዱ (ጭስ መውጫው ላይ ላምዳን የሚለካው ሴንሰር) ኤልኤስዩ 4.9 ከሆነ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ይገጠም፤ ጠል እንዳይጠራቀምበት ነው። ማሞቂያውም ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይብራ።

ከዚያ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከደጀን ውረዱ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይያዝ፤ በዚያ ቁልቁለት ለብቻ ሁለቱንም መሞከር ነውር ነው። ሲወርድ ነዳጁ ስለሚቆረጥ ላምዳው አይጠቅማችሁም፤ የባሮሜትሩን ንባብ ብቻ ተከታተሉ፣ ከ75 ወደ 89 ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ከድልድዩ ራቅ ብሎ ሰፊ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ደጀን መልሳችሁ ውጡ። ከ80 በላይ፣ በሙሉ ጉልበት ላምዳው ከ0.92 ካለፈ ወይም ኖክ ከተሰማ እግር ይነሳ፤ ሁለተኛ ሙከራ ሳይደረግ ያ ረድፍ ነዳጅ ይጨመርለት። የሚገባው አየር ከ50 ዲግሪ ካለፈ ብልጭታውን የሚያዘገየው ሠንጠረዥ መሥራቱንም እዚያው ሎጉ ላይ እዩ። ደጀን ስትደርሱ አዲሱን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡ፣ የማርቆሱንም አታጥፉት። ካንዴላዎቹ ሲቀዘቅዙ ንቀሉና ነጩን ሸክላ ተመልከቱ፤ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ካሉበት ፒስተኑ መጎዳት ጀምሯልና፣ ያ መኪና ብልጭታው ሳይዘገይ ዳግም ዳገት አይውጣ።