ሆዴ ጤነኛ ነው አቦ!

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሱኝ፤ በድሬ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቅዳት አይታሰብም።

የዛሬው ወሬ ወተት ነው። ማን ጠጥቶ ሰላም ያድራል፣ ማን ሆዱ ሲጮህ ያድራል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የግመል ወተት በየቀኑ ከገጠር በሚገባበት ከተማ ደግሞ ይሄ ትንሽ ያሳፍራል። ጓደኞቼ እየጠጡ «ወሪያ፣ ምን ዓይነት ሆድ ነው ያለህ?» ይሉኛል። ሆዴ ጤነኛ ነው አቦ! እንዲያውም የጥንቱ የሰው ሆድ የእኔ ነው። የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ትንሹ አንጀት እሱን የሚሰብርበት ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ያመርታል፤ አለዚያ ጡት እንዴት ይጠባል? ጡት ከጣለ በኋላ ግን ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሎቹ አጥቢ እንስሳትም እንደዚሁ ናቸው። ዛሬም ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደዚሁ ነን። ያልተሰበረው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል፣ ጋዝ ይሆናል።

ወተት የሚስማማችሁ እናንተስ? እናንተ ዲኤንኤያችሁ ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል። አንድ! የሚገርመው፣ የተቀየረው ላክቴዝን የሚሠራው ጂን ራሱ አይደለም። አጠገቡ ያለ ሌላ ጂን ውስጥ ነው፤ አምፖሉ እኔ ቤት ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያው ጎረቤት ቤት እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፊንላንድ የተነሱ ተመራማሪዎች አውሮፓውያን ላይ ያለውን ለውጥ አገኙ። ጥያቄው ያለቀ መሰለ። ከዚያ በ2007 የጂን ተመራማሪዋ ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ሱዳን ያሉ ሰዎችን ሲመረምሩ፣ ወተት እየጠጡ የአውሮፓው ለውጥ የሌላቸው ብዙ አርብቶ አደሮች አገኙ። የእነሱ ሌላ ፊደል ነው። የዓረብ ግመል አርቢዎችም የራሳቸው አላቸው። እኛ አገር ደግሞ አንዱ ብቻ አልነገሠም፣ በርካቶቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ይቺን የምወዳት ለምን መሰላችሁ? ጂን ሲባል ወዲያው ዘር ቆጠራ ለሚጀምሩ ሰዎች አትመችም። በጣም የተራራቁ ሕዝቦች፣ ሳይነጋገሩ፣ በተለያየ መንገድ እዚያው ችሎታ ላይ ደረሱ። የሚያመሳስላቸው ከብትና ግመል ማርባታቸው ነው። መጀመሪያ ኑሮው ተለወጠ፣ ሰውነት ዘግይቶ ተከተለ።

እንዴት ተከተለ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። «ተፈጥሮ መረጠች» ስንል ቀላል ይመስላል፣ ግን አንድ ጂን የሚበዛው ያለው ሰው ብዙ ልጅ ሲተርፍለት፣ የሌለው ደግሞ ጥቂት ሲተርፍለት ነው። በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓ የጥንት ሸክላዎች ላይ የቀረ የወተት ስብ መረመረ። ሰዎቹ ጂኑ ከመብዛቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ወተት ይጠቀሙ ነበር። እና ተመራማሪዎቹ ምን አሉ፣ በደጉ ዘመን ሆድ መንፋት ማንንም አይገድልም። ረሃብና ወረርሽኝ ሲመጣ ግን፣ የተጎዳ ሰው ላይ ተቅማጥ ሲጨመርበት ይሞታል። በድርቅ ዘመን ከብቱ የሰጠው ወተት ብቻ ቀርቶ፣ እሱም ተቅማጥ የሚያስይዘው ልጅ ይታያችሁ። ቆላ ለቆላ ግመል ይዞ ድርቅን ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ሸክላ መመርመር አያስፈልገውም። ስለዚህ ጓደኞቼ በጂናቸው ሲፎክሩብኝ፣ ያ ጂን በስንት ሕፃን ሞት እንደተመረጠ አስባለሁ። ነገር አከበድኩ፣ አውቃለሁ።

ደግሞ ጂን ብቻውን ሁሉን አይወስንም። የእኛው አገር ሶማሌ ግመል አርቢዎች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ላክቶስ አይፈጩም፣ ሆኖም በየቀኑ ወተት በብዛት ይጠጣሉ፣ ምንም አይሆኑም! ዋናው ግምት የአንጀት ባክቴሪያ ነው። በየቀኑ ወተት ሲደርሰው ባክቴሪያው ይለማመዳል፣ ሲቋረጥበት ይረሳል። እኔ ይሄን ሳነብ ፋሲካ ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ገደማ ጾመን፣ በማግስቱ ወተቱንም አይቡንም አንድ ላይ እናወርድና ዶሮ ወጡን እንከሳለን። ዶሮዋ ብቻዋን ጥፋተኛ ላትሆን ትችላለች።

እኔ አሁን እርጎ ነው የምጠጣው። ሲረጋ ባክቴሪያው ከስኳሩ የተወሰነውን ቀድሞ ይበላልኛል፣ ይቀለኛል። «የግመሉን ሞክር፣ እሱ ላክቶስ የለውም» የምትሉኝ ግን ተዉ፤ ከላም ወተት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ሌላው፣ ስለ ማፍላት። ጂኑ ኖረህም አልኖረህም፣ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብትና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝህ ይችላል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለሳምንታት ይቆያል። ይሄን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ከፈላማ ምኑን የግመል ወተት ሆነ!» ብለው ይስቁብኛል። እስኪ ቤታችሁ የምታፈሉ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ ላሰማቸው። ቻው።