«አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?»

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የምትልኩልኝ የድምፅ መልእክት አብዛኛው ስለ ስኮላርሺፕ ነው። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ዛሬ ስለሱ ላውራችሁ። ዴድላይን መቼ ነው፣ ሊንኩ የት ነው የሚለውን እተወዋለሁ፤ እሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። የማወራው ስለ ገንዘቡ ነው። «መክፈል አልችልም» ብሎ ለማያውቁት ሰው መጻፍ እንዴት እንደሆነ።

የሰዎችን ማመልከቻ ሳነብ ሁለት ዓይነት አመልካች ይገጥመኛል። አንዱ ያፍራል። የቤቱን ሁኔታ ይሸፋፍናል፣ «የተወሰነ መክፈል እንችላለን» ይላል፤ የተወሰነው ስንት ነው ስትሉት ዝም ነው። ሌላኛው ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር አንስቶ መከራውን ይዘረግፈዋል፤ ድርሰቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጁ ምን መማር እንደሚፈልግ አታውቁም። በሁለቱም አልፈርድም። ሁለቱም ግን የሳቱት አንድ ነገር ነው፦ ስለ ገንዘብ የሚጠይቀው ፎርም ሌላ፣ ስለ ሰውዬው የሚጠይቀው ድርሰት ሌላ።

ከፎርሙ ልጀምር። አሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የሚያገኘው ፋፍሳ የሚባለውን ነው። እሱ የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ እርዳታ ፎርም ነው፤ ለዜጎችና ሕጉ ለሚፈቅድላቸው የተወሰኑ ነዋሪዎች ብቻ። ከውጭ የምታመለክቱ ከሆነ አይመለከታችሁም፤ ስለሱ የተሠራውን ቪዲዮ ሁሉ ዝለሉት። እናንተን የሚመለከታችሁ ብዙውን ጊዜ ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ፎርም ወይም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያዘጋጀው ፎርም ነው። ሲኤስኤስ ያስከፍላል። ክፍያው ከከበዳችሁ ለዩኒቨርሲቲው የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ኢሜይል ጻፉ፤ በሌላ ፎርም የሚቀበሉ አሉ።

እና ይሄ ፎርም ዝም ብሎ «ድሃ ነህ?» አይልም። የወላጆችን የዓመት ገቢ ይጠይቃል። ባንክ ያለውን ይጠይቃል። ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ፣ የራሳችሁ ከሆነ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል፣ ስንት ልጅ አለ፣ ከነሱ ስንቱ ይማራል ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ስለ ገንዘብ ከልጅ ጋር አይወራም ነበር። አለ፣ የለም፣ አለቀ። ስለዚህ አንድ ማታ ላፕቶፑን ይዤ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «ለማን ነው የሚነገረው?» አለኝ። ለዩኒቨርሲቲው ነው አልኩት። «ከነሱ ሌላ የሚያየው የለም?» የለም። ተነስቶ ሄደና ወረቀት በወረቀት የሆነ ፋይል ይዞ መጣ። እኔ አንድ ቁጥር ነበር የጠበቅሁት፤ እሱ እስክሪብቶ አንስቶ ይደምር፣ ይቀንስ ጀመር። መሃል ላይ ቆም አለና «ለእናቴ በየወሩ የምልከውስ ይቆጠራል?» አለኝ። ፎርሙን ወደ ላይ ወደ ታች ብል ለሱ የሚሆን ሳጥን የለም። ፎርሙ የሚያውቀው እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው። አያቴን አያውቃትም።

ይቺን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። መጨረሻ አካባቢ «ልዩ ሁኔታ ካለ ያብራሩ» የሚል ክፍል አለ። ብዙ ሰው ወይ ባዶውን ይተወዋል፣ ወይ ለቅሶ ይጽፍበታል። እኛ የጻፍነው በግምት እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባቴ እናቱን ይጦራል። በየወሩ ይህን ያህል ይልካል፤ ከገቢው አንድ አምስተኛው ነው። ደረሰኙ ተያይዟል።» በቃ። ይህን የሚያነበው ሰው የሚያሰላ ሰው ነው። «እጅግ አስቸጋሪ ኑሮ» ብትሉት የት ያስገባዋል? አንድ አምስተኛ ስትሉት ግን ከገቢው ሊቀንስላችሁ ይችላል።

ያን ማታ ስለ አባቴ ያላወቅሁትን ብዙ ነገር አወቅሁ። እሱን ግን ለሌላ ቀን ልተወው፤ ከጀመርኩት አያባራም።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ እሱም እውነት ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አመልካች ኒድ አዌር የሚባሉት ናቸው፤ ገንዘብ መጠየቃችሁ በመቀበልና ባለመቀበል ውሳኔው ላይ ይታያል። ለሁሉም አመልካች ኒድ ብላይንድ የሆኑት፣ ማለትም ሲወስኑ ኪሳችሁን የማያዩት፣ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከነሱ መካከል ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ዳርትማውዝ። ይሄን የሰሙ አንዳንድ ልጆች «እንግዲያው አልጠይቅም፣ ከገባሁ በኋላ እጠይቃለሁ» ይላሉ። ወዳጆቼ፣ ይሄን አታድርጉ። ብዙ ቦታ ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ ከተቀበሉት በኋላ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ተቀባይነት አግኝቶ መክፈል ያቃተው ልጅ አውቃለሁ፤ ከመጀመሪያው «አልተቀበልንህም» ቢሉት ይቀለው ነበር።

ወደ ድርሰቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ወጣቶች ችግራቸውን እንዲሸጡ የሚመክሩ ሰዎች በዝተዋል። «ታሪክህ ካላስለቀሰ አያዩህም» ይሏቸዋል። ኧረ በሕግ አምላክ! የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሕይወቱ የደረሰበትን ክፉ ነገር ለማያውቀው ሰው አሳምሮ እንዲጽፍ ማስገደድ ትክክል አይመስለኝም። ደግሞም አያስፈልግም። ቺቭኒንግን ተመልከቱ። ከ1983 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ለማስተርስ የሚሰጠው ነው። የሚጠይቃችሁ ሰው እንዴት እንደምትመሩ፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትሠሩ፣ ምን እንደምትማሩ፣ ለምን እንደምትማሩና ወደፊት ምን እንደምትሠሩ ነው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ በሰዓት ሲቆጠር 2,800 ሰዓት ማለት ነው። ስትጨርሱ ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። ስለ ቤተሰባችሁ ገቢ ግን አንዲት ጥያቄ የለችውም። እዚያ ላይ ድህነትን መተረክ ያልተጠየቁትን መመለስ ነው።

ችግር ድርሰት ውስጥ ጭራሽ አይግባ እያልኩ አይደለም። የሠራችሁትን ለማስረዳት ካስፈለገ ይግባ። መብራት በሌለበት ሰፈር ተማሪዎችን ሰብስባችሁ ካስጠናችሁ፣ መብራት እንዳልነበረ መናገር ግድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ከዚያ ወደ ማስጠናቱ ሂዱ።

የድጋፍ ደብዳቤውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የቋንቋ ፈተናውን ዘልያለሁ። ቀድማችሁ ጀምሩ ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም። ደግሞ ስኮላርሺፕ አሰጥሃለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ስልኩን ዝጉበት። የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ፉልብራይትም ቺቭኒንግም ለማመልከት አያስከፍሉም።

አሁን ተሳክቶላችሁ ደብዳቤው መጣ እንበል። «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል፣ ከሥሩ ትልቅ ቁጥር አለ። አደራ፣ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን በታትኑት። የማይመለሰው ስንት ነው? ብድር ተደባልቆበታል? ሠርታችሁ የምታገኙት ተብሎ የተጻፈ አለ? ሠርታችሁ የምታገኙት እኮ መስከረም ላይ እጃችሁ ላይ የለም፤ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። «ሙሉ የትምህርት ክፍያ» ማለትም የማስተማሪያውን ብቻ ነው። መኝታው፣ ምግቡ፣ የጤና ኢንሹራንሱ፣ ትኬቱ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ ትዌንቲ የሚባል ሰነድ ከመስጠቱ በፊት የቀረውን ከየት እንደምትከፍሉ ማስረጃ ይጠይቃችኋል።

አንድ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ አለ፦ ግብር። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የሚውለው ስኮላርሺፕ ግብር የለበትም። ለመኝታና ለምግብ የሚሰጣችሁ ግን እንደ ገቢ ይታያል። በተማሪ ቪዛ ላለ የውጭ ዜጋ፣ አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌለው፣ ብዙውን ጊዜ 14 በመቶ ይቆረጥበታል። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖልኛል ያለ ልጅ አንደኛው ሴሚስተር ላይ የግብር ቢል ሲመጣለት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ገንዘቡ ካልበቃስ? ጻፉላቸው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ምስጋና ቢስነት ያየዋል፤ የእርዳታ ቢሮው ግን እንደገና እዩልን የሚል ደብዳቤ መቀበል የለመደ ነው። አባት ሥራ ለቀቀ፣ ሰው ታመመ፣ የምንዛሪው ዋጋ ወደቀ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ሰጠ፤ ይሄ ሁሉ በቂ ምክንያት ነው። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ይሁን። አመስግኑ፣ የተለወጠውን ከነማስረጃው ንገሩ፣ ከዚያ የሚጎድላችሁን ልኩን በቁጥር ጥቀሱ። «የቻላችሁትን ያህል» አትበሉ። የእምቢታ መልስ ቢመጣ የተሰጣችሁን አይነጥቋችሁም።

ደብዳቤውን ጽፋችሁ ሌላ ዓይን እንዲያየው ከፈለጋችሁ ላኩልኝ፤ ስምና ቁጥሩን አጥፍታችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ አለኝ፤ ደህና ሰንብቱ።