75 ዓመት ከሁለት ወር

ድምፄን ስቀዳ የምቀመጥበት ወንበር ዛሬም ይንቋቋል። ዘይት አልቀባሁትም፤ ተስፋ ቁረጡ።

ስለ ሞት አኃዞች አወራለሁ ብዬ ነበር አይደል? ሳነብ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ላይ ልብ ይሞላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ሕፃናት ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2022 ከ5 ሚሊዮን በታች ሆነዋል። ክትባት፣ አጎበር፣ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ። ተአምር የለበትም፤ ይኸው ነው።

ከዚያ አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ላይ ደረስኩ። ብዙ ሀብታም አገሮች የተሰባሰቡበት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት «መከላከል ወይም ማከም ይቻል ነበር» ብሎ የሚቆጥረው ሞት ከ75 ዓመት በታች ያለውን ብቻ ነው። አክስቴን ስትሮክ ሲገድላት 75 ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር።

ታውቋታላችሁ፤ ይህን ማይክሮፎን «መልስ የማይሰጠው እንግዳ» ትለው የነበረችው እርሷ ናት።

ስትሮኩ ሳይመጣ በፊት፣ የደም ግፊት ኪኒኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማሸጊያውን አነሳሁት። አንዱ ረድፍ ተፈልቅቆ አልቋል፤ ከሁለተኛው ሦስት ብቻ ጎድሏል። ወሩ ሊያልቅ ነው። «ትተሽዋል እንዴ?» አልኳት። «ምን አሞኝ?» አለች። እኔም መልሼ አስቀመጥኩት። ያውም ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክዬ። የማይለቀኝ ይህ ማስተካከሌ ነው። ሰው እንዴት በዚያች ሰዓት ዕቃ ያስተካክላል?

ግፊት አያምም፤ ክፋቱ ይህ ነው። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው 1.4 ቢሊዮን ገደማ ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። የሳንባ ነቀርሳም እንደዚሁ ያታልላል፤ ሳሉ በጥቂት ሳምንት ይተዋል፣ የተለመደው ሕክምና ግን ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ሰው ዳንኩ ብሎ ያቋርጣል። መድኃኒት ያለው በሽታ በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገደለ። ወደ ሌላ ሄድኩ፣ ይቅርታ።

በ75ቱ ተናድጄ ነበር። አሁን ብዙም አልተናደድኩም። የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለባቸው፤ ሰው ሲያረጅ በሽታው ይደራረባል፣ የትኛው ገደለው ማለት ይከብዳል። ደግሞ እርሷ ዕድሜዋን ሁልጊዜ በሦስት ዓመት ትቀንስ ነበር! በራሷ ቆጠራ ቢሆን ትገባ ነበር እኮ።

ሳቅኩ። ሳቄ ግን…

ማሸጊያው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ትናንት አይቼው ነበር፤ መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን ገና አልደረሰም። ያን ቀን ሁለተኛ ብጠይቃት፣ ምናልባት… አይ፣ እርሷ እንኳን ለእኔ… አላውቅም። ወንበሩ ይሰማችኋል?