የአራት ዓመቷ ደረሳ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን አንዲት ሕፃን ደረሳ፣ የኪታብ ተማሪ ማለቴ ነው፣ ከሐሳቤ አልወጣ ብላኛለች።

ዓኢሻ ቢንት ዐብዱልሃዲ ትባላለች። በ1323 ደማስቆ ተወለደች፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ። አራት ዓመት ሲሆናት ሐጃር የሚባሉ ሼህ ፊት አስቀመጧት። እሳቸው ዘንድ የሚቀራው፣ ማለትም እየተነበበ የሚጠናው፣ ሶሒሕ አልቡኻሪ ነው። ድግግሞሹን ጨምሮ ከ7 ሺህ በላይ ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ያለበት ኪታብ!

እንግዲህ የአራት ዓመት ልጅ ምን ይገባታል? ምንም። እነሱም ይሄ አልጠፋቸውም። በዚያ ዘመን ደማስቆ ኪታብ ሲነበብ ስም መዝጋቢ ይቀመጣል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ማን ወሬ እንደያዘ ሳይቀር ይጽፋል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ «ሰማ» ተብሎ አይመዘገብም፤ «ተገኘ» ነው የሚባለው። እኔ ይሄን ጥንቃቄያቸውን ወደድኩላቸው።

ታዲያ ለምን ወሰዷት? ነገሩ ያለው ሼሁ ዕድሜ ላይ ነው። ሐጃር ያንን ኪታብ በ1233 ግድም፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ዘቢዲ ከሚባሉ ሼህ ሰምተዋል። ዓኢሻ ፊታቸው ስትቀመጥ መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እሷ ደግሞ እስከ 1413 ኖረች። አስሉት እስቲ። 180 ዓመት፣ በዘቢዲና በዓኢሻ መሃል ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ! ሐዲስ «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?» እየተባለ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ ይቆጠራል። መሃል ላይ ያለው ሰው ባነሰ ቁጥር ሰንሰለቱ ይከበራል። ስለዚህ ዓኢሻ ስታረጅ፣ አሁንማ አንቱ ልበላቸው፣ ተማሪው ወደሳቸው ጎረፈ። የቡኻሪን ትልቁን ማብራሪያ የጻፉት ኢብን ሐጀር አልዐስቀላኒ ሳይቀሩ ከግብፅ መጥተው ብዙ ኪታብ ቀርተውባቸዋል።

ስለ ሴት ዑለማዎች ሲወራ «ሴት ሆና!» የሚል ግርምት ይበዛል። ለኔ የሚገርመኝ የቤተሰቡ ስሌት ነው። ገና ላልተወለደ ተማሪ ብለው ልጅቷን ሼህ ፊት አስቀመጡ። ወንዱንም ሴቱንም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ግን አናጋንን። ቃዲነቱም፣ ደመወዝ ያለው የመድረሳ ወንበርም በአብዛኛው የወንዶቹ ነበር። ሴቶቹ በር ላይ ተማሪ የሚሰለፈው ለሹመታቸው አይደለም፤ ሌላ ሰው ጋ የማይገኝ ነገር ስለያዙ ነው።

ዘይነብ ቢንት አልከማልን ተመልከቱ። እሳቸውም ደማስቆ ነበሩ። አላገቡም፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው በ1339 ሞቱ። የያዙት ኢጃዛ፣ ማለትም ኪታብ የማስተላለፍ ፈቃድ፣ የግመል ጭነት ያህላል ይባላል። ዓይናቸውን ያማቸው ነበር፤ ተማሪው ግን አብዛኛውን ቀን እያነበበላቸው ይውላል። ተጓዡ ኢብን በጡጣም በ1326 በዚያ ሲያልፍ ከሳቸው ኢጃዛ ተቀብሏል።

ከነሱ በፊት፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ መካ ላይ ከሪማ አልመርወዚያ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የሳቸውን ቡኻሪ የገለበጠ ሰው ከዋናው ጋር ቁጭ ብሎ ሳያመሳክር ቅንጣት አያስተላልፉለትም። የሐዲስ ዐዋቂው አልኸጢብ አልበግዳዲ ለሐጅ መጥተው ሙሉውን ቡኻሪ በአምስት ቀን እሳቸው ዘንድ ቀሩ። አምስት ቀን! ወሎ ኪታብ የቀራችሁ ሰዎች ይሄን ስትሰሙ ጉሮሯችሁ ሳይደርቅ አይቀርም።

ዘሀቢ ደግሞ፣ እኚህ የሐዲስ አስተላላፊዎችን አንድ በአንድ እያበጠሩ ስንቱን ወንድ ውሸታም ብለው የጻፉ ሰው ናቸው፣ ከሴቶች መካከል በውሸት የተጠረጠረች አላውቅም ብለዋል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐለብ እንገባለን። ፋጢማ አስሰመርቀንዲያ የሚባሉ የፊቅህ፣ የእስልምና ሕግ፣ ዐዋቂ አሉ፤ ፈትዋ፣ ማለትም የሃይማኖት ሕግ ጥያቄ መልስ፣ ከቤታቸው የሚወጣው የሳቸውም ፊርማ ሰፍሮበት ነበር። ባልየው መህር፣ ማለትም ጥሎሽ፣ የከፈሉት በምን መሰላችሁ? የአባቷን ኪታብ የሚያብራራ ኪታብ ጽፈው። ሳምንት እንገናኝ።