ጋሼ እጃቸውን ያወጡ ቀን

እትዬ፣ ልጆች፣ የጋሼ የሥራ ባልደረቦች፣ የክፍል ጓደኞቼ፤ ዛሬ አርባቸው ነው። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ተናገር ስባል እሺ አልኩ እንጂ ጋሼ ረጅም ንግግር አይወዱም ነበር። ሰልፍ ላይ ዲስኩሩ ሲረዝም ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ቆሞ እንደሆነ ያዳምጡ ነበር። ስለዚህ አላስረዝምም።

ጂኦግራፊ ነው ያስተማሩን። እሳቸው ፊት «ጣና ትልቅ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። «ስንት?» ይሉሃል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። «ጥልቀቱስ?» እኛ የጉድ ቁጥር ስንጠብቅ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ነገሩን። ማን ያምናል!

እኔ ፈተና ላይ «ዓባይ ከጣና ይነሳል» ብዬ ጽፌ ሁለት ማርክ ቀነሱብኝ። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል አለበት፦ «ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ፣ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ሲወጣ ስላየኸው እዚህ ተወለደ አትበል።» እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ማርክ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ ታንኳ ሲያስረዱ፣ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ የተመረጠው ስለማይሰምጥ ነው አሉ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሳቅ አመለጠው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ዘመን መምህር ላይ መሳቅ ምን እንደሚያስከትል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«ምን አሳቀህ?»

«ውሃ ይጠጣል፣ ቲቸር። ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላደረቁት ይከብዳል። ከዚያማ ይሰምጣል።»

ጠመኔውን ሰጡት። «ውጣ፣ ሳለው» አሉት። እሳቸው መጥተው የልጁ ቦታ ላይ፣ እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሩ። ኮታቸው ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ታንኳውን ሳለ። ጋሼም እጃቸውን አወጡ። አዎ፣ እንደ ተማሪ! «ለማድረቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ።

ጡረታ ወጥተውም ያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። ጀልባ ነጂዎቹን «እምቦጩ የት ደረሰ?» ይላሉ። የነገሯቸውን በካሬ ደብተር ይጽፋሉ።

ደብተሩን እትዬ ባለፈው ሳምንት ሰጡኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «ከሰዓት ነፋሱ ሊነሳ ሲል ታንኳ ቀዛፊው በምን ያውቃል? ይጠየቅ።»

ያ የሳቀው ልጅ ዛሬ ከኋላ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ና እስቲ፣ ደብተሩን ውሰድ። የተጠየቅከው አንተ ነህ።