የማታ ካልሲ

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህችን ንግግር በእርሳስ ነው የጻፍኳት። እስክሪብቶዬ በሦስተኛው ቀን «እርጥብ ወረቀት አልነካም» ብሎ አምጿል። ዝናቡ ሸራው ላይ እንዲህ እየወረደ ድምፄ ካልተሰማችሁ ጠጋ በሉ።

ስድስት ቀን ተጉዘናል። ነገ ከሰዓት መኪናው ጋ እንደርሳለን። ስለ ተራራው ውበት እንድናገር አትጠብቁ፤ ያየሁት ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ቦርሳ ነው። አንዴ ጉሙ ተገልጦ ሸለቆው ታይቶን ነበር፤ ካሜራ እስክናወጣ ተዘጋ።

የማወራው ስለ ካልሲ ነው።

በዝናብ የሚጓዝ ሰው አንድ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ ለመኝታ ብቻ ያስቀምጣል። ማታ ይለብሰዋል። ጠዋት ያንን ሙቅ ካልሲ ያወልቅና ትናንት የጨመቀውን፣ ቀዝቃዛውን መልሶ ያጠልቃል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጎህ ሲቀድ ግን ከዳገቱ ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ተሸነፍኩ። «ዛሬስ ያባራል» ብዬ ደረቁን አድርጌ ወጣሁ። ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ የመጀመሪያው ጅረት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ማታ ድንኳን ስንተክል ጣቶቼ ገመዱን ከችካሉ ማሰር አቃታቸው። ብርዱ እኮ ያን ያህል አልነበረም። ግን ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ነው። የረጠበ ሰው ውርጭ በሌለበትም የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ምላስ ይኮላተፋል። እኔ እጄ ላይ ደርሼ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ እስቃለሁ።

ከእናንተ አንዱ አልሳቀም። ስሙን አልጠራም፣ አሁንም አንገቱን ደፍቷል። ገመዱን ተቀበለኝ። እርጥቡን ልብስ አስወልቆ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከተተኝ። ከዚያ የራሱን የማታ ካልሲ አውልቆ እግሬ ላይ አጠለቀልኝ። እሱ በምን እንደተኛ ያየሁት ጠዋት ነው፦ ሁለት እግሩን አንድ የሱፍ ኮፍያ ውስጥ ከትቶ።

ምክር የሚባል ነገር አልሰጠኝም። የሚያንጠባጥብ ካልሲዬን አቀበለኝና «በል አጥልቅ» አለኝ። አጠለቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡን መራገም ትቻለሁ ብል ውሸት ነው። ትናንት ምን ምን እንዳልኩት ሰምታችኋል። ቀን መቁጠር ግን ትቻለሁ። ነገ ማታ ሙቅ ሻወር አለ፤ ለሱ ቸኩያለሁ። ብቻ ከነገ በኋላ «ጣትህን እስቲ አሳየኝ» የሚለኝ አይኖርም፤ እሱ ትንሽ ከፍቶኛል።

ወንድሜ፣ የኔው የማታ ካልሲ ሁለት ሌሊት ሆዴ ላይ ተኝቶ ዛሬ ደረቀ። ያንተው ይኸው። ኮፍያህን ጭንቅላትህ ላይ መልሰው። አልታጠበም፣ ይቅርታ።