ንጹሕ ማሊያ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከተሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ደብረ ማርቆስ በሐምሌ እንዲህ ናት።

ስለ ልጄ ነው የማወራችሁ። 11 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ክረምት የሰፈራችን የልጆች ኳስ ውድድር ውስጥ ገባ። ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ስምንት ቡድን አለ፤ ጨዋታው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው። ስንመዘገብ የተነገረን፣ ዓላማው ልጆቹ ክረምቱን ሜዳ ላይ እየተጫወቱ እንዲያሳልፉት ነው የሚል ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለምን አስገባሁት? ያለፉት ዓመታት ለልጆቻችን ቀላል አልነበሩም፤ የምታውቁት ነው። ትምህርት ተቋርጦ፣ ከግቢ መውጣት አስፈርቶ ልጄ ቀኑን ሙሉ የካልሲ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ ይውል ነበር። ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ጎረቤቴ ስለ ምዝገባው ስትነግረኝ ትልቅ ተጫዋች ይወጣዋል ብዬ አልነበረም የቸኮልኩት። ስሙን ጠርቶ “ና እንጫወት” የሚለው ልጅ እንዲያገኝ ነው።

ለምዝገባ ሁለት ጉርድ ፎቶና የዕድሜ ማስረጃ ያስፈልጋል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ልጄ ከዚያ በፊት ተወልዶ ሰርተፍኬት አልነበረውም፤ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጻፍኩ። ድምፁ የጎረነነ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ልጅ “12 ነው” ብሎ ያስመዘገበ ወላጅም አይቻለሁ። ይህ ትልቆቹ ጋም ያለ ችግር ነው፤ ፊፋም ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸውን ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ መሣሪያ እስከ ማስመርመር ደርሷል። በዚህ ዕድሜ በእውነት እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች እንኳ አንዱ ቀድሞ ተመዞ፣ ሌላው ገና ጨቅላ መስሎ ይታያል። በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ሲደበቅ ትንሹ ልጅ ይጎዳል። አሁንም ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ልጄ በሸራ ጫማ ነው የሄደው። ኳሱ ቁጥር 5 ነበር፤ የአዋቂ ኳስ ማለት ነው። ኳስ ቁጥር እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። ቁጥር 5 ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ለእነሱ ዕድሜ የሚሆነው ቁጥር 4 ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን አሮጌ ኳስ ጭቃና ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አንድ ልጅ በቴስታ ሊመታው ዘሎ፣ ሲወርድ ራሱን ይዞ ቁጭ ሲል አይቻለሁ። ሌላ አገር ይህን በደንብ አስበውበታል። የአሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 እ.ኤ.አ. 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ቴስታ እንዳይመቱ ወስኗል። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድም ከ2020 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ ማስተማር ቀርቷል። እኛ ወላጆች አዋጥተን ሁለት ቁጥር 4 ኳስ ገዛን። አሰልጣኙም ኳስ መሬት ለመሬት ይሁን አለ። ይህ በቀላሉ አለፈ።

ያላለፈው ሌላው ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ልጄ ቅያሪ ሆኖ ተቀመጠ። ቡድኑ 3 ለ 0 አሸነፈ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እልልም አልኩ። በሁለተኛውም ተቀመጠ። በሦስተኛው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ገባ፤ ኳስ አጠገቡ ሳይደርስ ፊሽካው ተነፋ።

ማታ ልብስ ላጥብ ብዬ ማሊያውን አነሣሁት። የክረምት ሜዳ ታውቃላችሁ አይደል? የልጅ ልብስ ጭቃው ደርቆ እንደ ቅርፊት ነው የሚነሣው፤ በእንዶድም አይለቅም። የእሱ ማሊያ ግን ንጹሕ ነው። እንዳጠፍኩለት፣ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ጀርባው ላይ ቁጥር 14 ታትሟል። ሳፋው ውስጥ ልንከረው ብዬ ተውኩት፤ ምኑን አጥበዋለሁ? ማሊያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። “እማዬ፣ ቅዳሜ ባልሄድስ?” አለኝ።

እሑድ ጠዋት አሰልጣኙን አገኘሁት። ልጆቹ ኮች ይሉታል፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ቢሆነው ነው፤ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠራው። “ወንድሜ፣ ልጄ ለምንድን ነው የማይገባው?” አልኩት። መልሱን አልረሳውም። “እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ስናሸንፍ ወላጅ ሁሉ ያቅፈኛል። ስንሸነፍ ‘ያንን ደካማ ልጅ ማን አስገባ አለህ?’ ይሉኛል። ባለፈው ስናሸንፍ እርስዎም እልል ሲሉ ሰምቻለሁ።”

እውነቱን ነው። በዚያ እልልታ ውስጥ ልጄን ቅያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔም ነበርኩ።

ወላጆች እንሰብሰብ አልን። ሜዳው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ነው የተነጋገርነው። አንዱ አባት “ካላሸነፍን ለምን ተወዳደርን? ልጆቹ ማሸነፍ መልመድ አለባቸው” አለ። ሐሳቡን አልናቅሁትም። ጎበዙ ልጅም ጎበዝ በመሆኑ መቀጣት የለበትም። ኳስ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ቀን እስከ ዛሬ ይወራል። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ባሕር ዳር ከነማ መግባት ነው ሕልሙ። ግን እነዚያ ትልልቅ ተጫዋቾች ናቸው። ስንመዘገብ የተነገረንም ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዲጫወቱ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ምን እንደሚወጣው ማን ያውቃል? ዛሬ ደካማ ያልነው ካልተጫወተ በምን ይጎብዛል?

እኔ ይህን በደንብ ሳልጨርስ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” አሉ። ሁሉም ዝም አለ። “እኛ ገና ስንጫወት” አሉ፣ “ተቀመጥ የሚባል ልጅ አልነበረም። በትር የያዘ ሁሉ ይገባል። ሰው ሲበዛ ለሁለት እንከፈላለን እንጂ ማን ዳር ይቆማል?”

እኔ ወደ ቢቸና በኩል ገጠር ነው ያደግሁት። ታኅሣሥ 29 አዝመራ በተነሣበት ሜዳ ላይ ወንድሞቼ ጥንጉን ሲለጉ ዓይኔ ላይ መጣ። ጌታና ሎሌ፣ ትልቅና ትንሽ ተቀላቅሎ። ያንን ጨዋታ የሚያውቅ አገር ለልጆቹ ቅያሪ ወንበር ማብዛቱ አልዋጥ አለኝ።

ተስማማን። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ግማሽ ሙሉ ይጫወታል። ከዳር ሆኖ የልጅ ስም እየጠራ የሚቆጣ ወላጅም አይኖርም። ያኛው አባት ፊቱ ባይፈታም እጁን አወጣ።

ቅዳሜ ልጄ ከመጀመሪያው ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ገባ። ተሸነፍን፤ 4 ለ 1። አንዷ ጎል በእሱ በኩል ነው የገባች፤ ልጁ አልፎት ሄደ፤ አይቻለሁ። ሆዴ ተላወሰ፤ ግን ማንም አልጮኸበትም። በረኛው መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው። ሁለተኛው ግማሽ ሊጀመር ሲል ኮች ሊያስወጣው ፈለገ መሰለኝ፤ ልጄ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ኮች ተወው። ከዚያ መሀል ሜዳ ላይ ያለ ልጅ፣ ሰፈሩንም የማላውቀው ልጅ፣ ኳስ ይዞ ቀና አለና ስሙን ጠራው፤ ረዘም አድርጎ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ኳሷ መጣች፤ ልጄ አቆማትና መለሰለት። በቃ ይኸው ነው። ጎል አልሆነችም፤ ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

ማሊያውን እስካሁን አላጠብኩትም፤ ሳፋው ውስጥ ተነክሯል፤ ውኃውን ሁለቴ ቀየርኩት፤ አሁንም ቡናማ ነው። ታናሽ እህቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ “እኔስ መቼ ነው?” ትለኛለች። ለሴቶቹ ቡድን እስካሁን የመጡት አራት ልጆች ብቻ ናቸው። ማርቆስ ያላችሁ፣ ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ይዛችኋት ኑ፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነን። ቁጥር 4 ኳስ ትርፍ ያለው ካለም ያምጣልን፤ የኳስ መንፊያ መርፌያችንም ተሰብሯል።

ዝናቡ አባራ መሰል። በሉ ደኅና ሁኑ።